ነጭ ግድግዳ ጽድቅ አይደለም



ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው። በሰው ጥፋት ልጀምር ብል ኖሮ ገና ድሮ ጽፌ በጨረስኩት ነበር።

ላፍቶ በማገለግልበት ጸሎት ቤት፣ ከአዳራሹ ጀርባ፣ አንዲት የጭቃ ክፍል አለች። እሑድ እሑድ ሕፃናት ቃሉን የሚማሩባት ክፍል ናት፤ ስድስት ዓመት አስተምሬባታለሁ። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ተሥሎ ነበር። የሣሉት የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፉ የሚተዳደሩ አንድ አባት ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጋሼ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደውን መንገድ ከላፍቶ ወደ ፉሪ እንደሚወስድ የድሮ ጥርጊያ መንገድ አድርገው ሣሉት፤ ዳርና ዳሩ ባሕር ዛፍ ነው። የቆሰለው ሰው ነጠላ ለብሷል፤ ሳምራዊው ጋቢ ደርቧል። አህያዋ የአሸዋ ጆንያ ገና አሁን የተራገፈላት ትመስላለች። ካህኑና ሌዋዊው ግን ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ዚፕ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በብብታቸው ይዘው ያልፋሉ። ልጆቹ እነሱ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቃሉ።

አንድ እሑድ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ «ቲቸር፣ እነዚህ ሁለቱ ለምንድን ነው አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አላስተዋልኩትም ነበር። መልሱን ፍለጋ ወደ ጋሼ ሄድኩ። «ልጄ፣ ይህን ያየሁት ልጅ ሆኜ ጎጃም ነው» አሉኝ። «በድሮ ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ክፉ ሰው በጎኑ ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።» በሳምንቱ ይህንኑ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ያቺው ልጅ ግድግዳውን ትንሽ አየችና «እሺ፣ ለዚህ ነዋ የወደቀውን ሰውዬ ያላዩት» አለች። በዚህ ምንባብ ላይ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አጭር የሆነ ግን አላስታውስም።

ባለፈው ዓመት ክፍሏ ስትታደስ ሥዕሉ ይጥፋ አይጥፋ የሚለው ጉዳይ ለኮሚቴ ቀረበ። እኔም አባል ነበርኩ። ሦስት ምክንያት ተነገረ። አንደኛ፣ የግድግዳ ሥዕል የእኛ የወንጌላውያን አይደለም፤ የኦርቶዶክስ ነው። ሁለተኛ፣ ሥዕል ወደ ጣዖት ይወስዳል። ሦስተኛ፣ ክፍሏ ለቪዲዮ መቅረጫም ስለምትፈለግ ነጭ ግድግዳ ይሻላል። ሦስቱም ሚዛን እንደማይደፉ ልቤ ያውቅ ነበር። ግን ስብሰባው ረዝሟል፣ ሰዓቱ መሽቷል፣ «ይህም ጉዳይ ሆኖ?» የሚል ፊት በዙሪያዬ አለ። እጄን ለድጋፍ አወጣሁ። ሰባት ነበርን፤ ሰባታችንም አወጣን። ጋሼን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ዛሬ ለእነዚያ ሦስት ምክንያቶች ያኔ መስጠት የነበረብኝን መልስ ለእናንተ እሰጣለሁ። ምክንያቱም ይህ ክርክር የላፍቶ ብቻ አይደለም። በጀሞም፣ በመካኒሳም፣ በጎፋም፣ ጸሎት ቤት በታደሰና በተሠራ ቁጥር ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም ሳይከራከሩበት ያልፋል።

«የእኛ አይደለም» ለምንል

የወንጌላውያን እምነት ከነጭ ግድግዳ ጋር አብሮ የተወለደ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እንግዲያው በሐሳብ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ላቁማችሁ።

በዴንማርክ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ሞን የምትባል ደሴት አለች። በደሴቲቱ ላይ ኬልድቢ የተባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጡብ የተሠራች ናት። በዚያ አገር የገጠር አብያተ ክርስቲያናት መጀመሪያ ጣሪያቸው ከውስጥ ጠፍጣፋ እንጨት ነበር፤ ኋላ ገበሬው አቅም ሲያገኝ የጡብ ቅስት ተሠራላቸው። ቅስቱ ከአራት ማዕዘን ተነሥቶ መሐል ላይ ሲገናኝ በመካከሉ ጎበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ሜዳዎች ይፈጠራሉ። ለሠዓሊ የተዘጋጀ ሰሌዳ ማለት ነው። ግድግዳውና ቅስቱ በኖራ ይለሰናል፤ ሥዕሉ በዚያ ኖራ ላይ ይሣላል። ስለዚህ ዴንማርኮች እስከ ዛሬ «የኖራ ሥዕል» ይሉታል።

በኬልድቢ ከ1275 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በተለያየ ዘመን የተሣሉ ሥዕሎች አሉ። የቅስቱን የሣለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የነበረ፣ ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። ኤልመሉንደ በተባለችው የጎረቤት ቤተ ክርስቲያንም ስለሣለ «የኤልመሉንደው ሠዓሊ» ይባላል። ቀለሙ የአፈር ቀለም ነው፤ ቀይ አፈር፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ። የሰዎቹ ዓይን ገና ከእንቅልፍ የተነሡ ይመስል ከደን ያለ ነው።

ይህ ሰው በኤልመሉንደ አዳምን ከገነት ከተባረረ በኋላ ሣለው። አዳም ያርሳል፤ ሔዋን ትፈትላለች። የሚያርስበት ማረሻ ግን የዚያው ደሴት ገበሬ ማለዳ ቤቱ ትቶት የመጣው ማረሻ ነው። የጋሼ ሳምራዊ ጋቢ የለበሰው በምን ምክንያት እንደሆነ ገባችሁ? የቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ ሩቅ አገር ለሩቅ ሰዎች የተፈጸመ ተረት አይደለም፤ አንተንም ይመለከታል ለማለት ነው።

በኬልድቢ ቅስት ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። የተሰቀለው ክርስቶስ አለ። በፊቱ ሁለት ሰዎች ይጸልያሉ፤ አንዱ ድኻ፣ አንዱ ባለጠጋ። ከድኻው የሚነሡት መስመሮች ቀጥ ብለው ወደ ክርስቶስ ቁስሎች ይሄዳሉ። ከባለጠጋው የሚነሡት ግን ወደ ንብረቱ ይዞራሉ። አፉ ወደ መስቀሉ፣ ልቡ ወደ ሀብቱ። ከተሣለ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። ወገኖቼ፣ ባለፈው እሑድ በየመድረካችን ስለ መኪናና ስለ ቤት «ተቀበል!» ሲባል አሜን ያልነው ጸሎት መስመሩ ወዴት ነበር የሚሄደው? እኔ ይህን ጥያቄ ከሥዕሉ ነው የተማርኩት። ነጭ ግድግዳ አልጠየቀኝም።

አሁን ዋናው ነገር ይምጣ። ዴንማርክ በ1536 እ.ኤ.አ. የሉተርን ተሐድሶ ተቀበለች። ኬልድቢም ከዚያ ጀምሮ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናት። በዚያ ዘመን በአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት መድረኩ ተተከለ፣ አግዳሚው ገባ፣ ምእመኑ በገዛ ቋንቋው ዘመረ። ብዙው ሥዕል በጊዜ ሂደት በኖራ መሸፈኑ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ከትምህርት የተነሣ፣ አንዳንዱ ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ወይም ሥዕሉ ያረጀ ስለመሰላቸው። ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልጆቻቸው ኖራውን በጥንቃቄ ይገልጡ ጀመር፤ የኤልመሉንደው በ1885 እ.ኤ.አ. ተገለጠ። ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ ሙዚየም ባለሙያዎች ይንከባከቧቸዋል። እሑድ ደግሞ የሉተራን ምእመን ከሥራቸው ተቀምጦ ቃል ይሰማል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ዘመድ ወሬ አይደለም። በ1866 እ.ኤ.አ. ምጽዋ የደረሱት የስዊድን ሚስዮናውያን የመጡት እንዲህ ያሉ ሥዕላም የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ካሉበት አገር ነው። የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ለኅትመት ያበቃው ኦኔሲሞስ ነሲብም ስዊድን ተምሯል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትመሠረት የያዘችው የእምነት መግለጫ የእነዚያው ሉተራውያን ነው። መካኒሳ ባለው ሴሚናሪዋ በር በየቀኑ በታክሲ የምናልፍ ሰዎች «ሥዕል ወንጌላዊ አይደለም» ስንል የማንን ታሪክ እየተናገርን ነው?

ሉተር ምን አደረገ?

በ1522 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዊተንበርግ ታወከች። ሉተር ተደብቆ በነበረበት ጊዜ ባልደረባው ካርልሽታት ሥዕሎችና ምስሎች ከቤተ ክርስቲያን ይወገዱ ብሎ ጻፈ፤ ሕዝቡም ሊሰባብር ተነሣ። ሉተር ይህን ሲሰማ ከተደበቀበት ወጥቶ በመጋቢት ወር ስምንት ቀን በተከታታይ ሰበከ። ልብ በሉ፤ ሉተር ሥዕል ወዳድ ሆኖ አይደለም። ባይኖሩም ግድ እንደሌለው ተናግሯል። የተቃወመው ሌላ ነገር ነው፦ ጣዖት ልብ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ግድግዳ መፋቅ ሰውን እንደማያድን። ሰዎች ፀሐይንም ያመልካሉ፤ ታዲያ ፀሐይን ከሰማይ እናውርድ? የሚል ሐሳብ ነበር ያቀረበው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ለማስታወሻና ለምስክር የሚሆን ሥዕል የተፈቀደ መሆኑን በጽሑፍ ተከራከረለት፤ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በየቤቱ ግድግዳ ቢሣል እንኳ ደስ እንደሚለው ገለጸ።

በ1534 እ.ኤ.አ. ሙሉው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በውስጡ ከ100 በላይ ሥዕሎች አሉ። በዚያው ዓመት ዊተንበርግ አንድ እንግዳ ተቀበለች። ኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል ነበር። ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋገረ፤ በዋናው ነገር ተስማሙ፤ ሲሄድም የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉለት። ሚካኤል የመጣው ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው? የላሊበላን ቤተ ማርያም ጣሪያና ቅስት በሥዕል ካስጌጠችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዊተንበርግ የተሰጠው ደብዳቤ እንጂ የኖራ ባልዲ አልነበረም።

«ወደ ጣዖት ይወስዳል» ለምንል

ይህ ከባዱ ምክንያት ነው፤ በቀልድ አልመልሰውም። ሁለተኛው ትእዛዝ ግልጽ ነው። ለተቀረጸ ነገር መስገድና ማገልገል የተከለከለ ነው፤ እኔም ለሥዕል አልሰግድም፣ ልጆቹንም ስገዱ አላልኳቸውም።

ነገር ግን ትእዛዙን የሰጠው አምላክ ባስልኤልን በመንፈሱ ሞልቶ በወርቅና በእንጨት እንዲሠራ እንዳደረገው በዚያው በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል። ሰሎሞን የቤተ መቅደሱን ግድግዳ በኪሩቤል፣ በዘንባባና በፈነዳ አበባ ቅርጽ ሞላው። ሙሴ የናሱን እባብ የሠራው ታዝዞ ነው፤ ሕዝቅያስ የሰበረው ደግሞ ሕዝቡ ያጥንለት ስለጀመረ ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ዕጣኑ ነው።

እንግዲህ እጠይቃለሁ። በዚያች የጭቃ ክፍል ለሳምራዊው ያጠነ ማን ነው? ለአህያዋ ሻማ ያበራ አለ? ሕፃናቱ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ እያዩ ጠየቁ። ኢያሱ ከዮርዳኖስ አሥራ ሁለት ድንጋይ ያስወጣው ልጆች ወደፊት «ይህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ አልነበረም? እኛ ጥያቄውን ከነመነሻው ለቀለቅነው።

በዚህ ላይ ለቀደሙን አባቶችና እናቶች ፍትሕ ላድርግ። ባዶ ግድግዳ የወደዱት ባለማወቅ አይደለም። ወንጌልን በመቀበላቸው ከዕድር የተባረሩ፣ የመቀበሪያ ቦታ የተከለከሉ ነበሩ። ለእነሱ ሥዕላሙ ግድግዳ የተገፉበት ግድግዳ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ጸሎት ቤቶች ሲዘጉና ሲወረሱ አምልኮው ሳሎን ገባ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ምእመኖቿ በየቤቱ በድብቅ ተሰበሰቡ። በዚያ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሥዕል አይሰቀልም፤ መዝሙሩም በለሆሳስ ነበር። ያ ባዶ ግድግዳ የመከራ ግድግዳ ነውና አከብረዋለሁ። እኛ ግን የእነሱን መከራ ሳንቀበል ግድግዳቸውን ብቻ ወርሰን ሕግ አደረግነው። አባቶቻችን የለቀቁት በፍርሃትና በእንባ ነው፤ እኛ የቀባነው ለቪዲዮ እንዲያምር ነው።

ነጩ ግድግዳ ነጭ ሆኖ አልቆየም

ሦስተኛው ምክንያት ይህ ነበር። ውጤቱን ልንገራችሁ። ሥዕሉ ከጠፋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮንፈረንስ ነበረን። በግቢያችን፣ ከዚያችው ክፍል ውጫዊ ግድግዳ ላይ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ባነር ተሰቀለ። የተጋባዡ አገልጋይ ፊት ነው። ሱፍ ለብሷል፣ ከረባት አስሯል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ያዩናል። የጌታ ስም ከታች፣ ከስልክ ቁጥሩ በላይ፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ጣዖት ይሆናል ብሎ ኮሚቴ የጠራ ሰው አልነበረም።

እስቲ ከጀሞ እስከ ጎፋ ባለው መንገድ በታክሲ መስኮት ተመልከቱ። ሥዕል አንወድም የምንል ሰዎች የስንት ሰው ፊት ነው የሰቀልነው? የሳምራዊው ፊት የማንም አይደለም፤ ሁላችንም ልንሆነው የምንችለው ሰው ነው። የባነሩ ፊት ግን የአንድ ሰው ነው። ከሁለቱ ወደ ጣዖት የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ለእናንተ ሕሊና እተወዋለሁ።

በዊተንበርግ ከተማ ቤተ ክርስቲያን በ1547 እ.ኤ.አ. የቆመ የክራናክ ሥዕል አለ። በታችኛው ክፍሉ ሉተር በአንደኛው ጠርዝ መድረክ ላይ ቆሟል። ምእመናን በሌላው ጠርዝ ናቸው። መካከሉን ሙሉ የያዘው የተሰቀለው ክርስቶስ ብቻ ነው፤ የሉተር እጅ ወደ እርሱ ያመለክታል። ሉተራውያን በዚያ ዘመን ዋና አስተማሪያቸውን በሥዕል ላይ ያስቀመጡት ጠርዝ ላይ ነው። እኛ ባነር ስናሠራ መካከሉን ለማን እንሰጣለን?

ጌታ ፈሪሳውያንን በኖራ ከተለሰነ መቃብር ጋር ሲያመሳስላቸው ነጩን ቀለም አላመሰገነም። ንጹሕ የሚመስል ግድግዳ ከጀርባው ምን እንዳለ አይናገርም።

የጎረቤት ግድግዳም የአባታችን ነው

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «መምህር፣ የዴንማርኩ ይሁን፤ የዚህ አገር የኦርቶዶክስ ሥዕል ግን ሌላ ነው፤ የማንቀበለው ትምህርት አለበት» ትሉኛላችሁ። አለበት። በኬልድቢና በጎረቤቶቿ ግድግዳዎች ላይም ሉተራኖች የማይቀበሉት አለ። ማየትና ማንበብ ግን መስገድ አይደለም። የማትስማሙበትን መጽሐፍ አንብባችሁ ታውቁ የለም?

በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ሁሉ ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊት ተሞልቷል። በጣና ዳር በኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በታሪክ ተሸፍኗል፤ ሠዓሊዎቹ ሸማ በግድግዳው ላይ ለጥፈው በዚያ ላይ ይሥሉ ነበር። ማንበብ የማይችለው ገበሬ የጌታን ልደት፣ ስቅለትና ትንሣኤ በዓይኑ ያነበበው ከእንዲህ ያለ ግድግዳ ነው። የእናንተም ቅድመ አያት ከነዚያ ገበሬዎች አንዱ ሊሆን ይችላል። የእኛ ታሪክ ሚስዮናውያን ከመርከብ ሲወርዱ ጀመረ የምንል ከሆነ ዲያቆን ሚካኤልን ከራሳችን መዝገብ ፋቅነው ማለት ነው። ሉተር የተቀበለውን ሰው እኛ ልንክደው?

ደግሞም የጋሼ ሳምራዊ ያን ጎጃም ያዩትን ጥበብ ወደ ወንጌላውያን ክፍል ይዞ የገባ ድልድይ ነበር። አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን የሚለው ቋንቋ የተማሩት ከዚያ ነው፤ ለጌታ ምሳሌ ያገለገሉበት ግን እዚህ ነው። ያንን ነው ያጠፋነው።

ምን እናድርግ?

ክርክር ብቻ ጽፌ አልለያችሁም። ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

የመጀመሪያው፣ በጸሎት ቤታችሁ በአሮጌ ግድግዳ ላይ ብሩሽ ከማረፉ በፊት ፎቶ አንሡ፤ ማን ሣለው፣ መቼ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በኅብረታችሁ መዝገብ ጻፉ። አሮጌ የመዝሙር ደብተር፣ በእጅ የተጻፈ የጥቅስ ሰሌዳ፣ የመጀመሪያው መድረክ ካለ እንዲሁ አድርጉ። አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት የሠራውን ሰው አነጋግሩ።

ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው የኅብረት ጉዞ ከመዋኛና ከፎቶ በተጨማሪ አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ሂዱ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የድሮ ሥዕሎች አሉት። አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን ያላቸውን ፈልጉ። ኦርቶዶክስ የሆነ የአክስት ልጅ ወይም የጊቢ ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ክርክሩ ይደርሳል።

ሦስተኛው፣ አዲስ ጸሎት ቤት የምትሠሩ ከሆነ የሕፃናቱን ክፍል አንድ ግድግዳ ለቃሉ ታሪክ ስጡ። ለስክሪኑ የምናወጣውን ገንዘብ ሁላችንም እናውቃለን። ጥቂት ጣሳ ቀለም አያደኸየንም።

ለእኛ ጸሎት ቤት ጉዳዩ ቀነ ገደብ አለው። የአዲሱ ሕንፃ ፕላን ጸድቋል፤ የጭቃዋ ክፍል ልትፈርስ ነው። ሳምራዊው አሁንም ከነጩ ቀለም ሥር አለ። ይገለጥ ይሆን ብዬ አንድ ባለሙያ ጠየቅሁ። የዴንማርኮቹ ዕድል የነበረው ኖራ መጠቀማቸው ነው፤ ኖራ በቀስታ ይላቀቃል፣ ሥሩ ያለውንም ብዙ ጊዜ ይጠብቃል። እኛ የተጠቀምነው ፕላስቲክ ቀለም ነው። ፕላስቲክ ቀለም ሲፋቅ ሥዕሉን ይዞ ይነሣል። የእነሱ ልጆች የአባቶቻቸውን ስሕተት ማረም ችለዋል። እኛ ለልጆቻችን ያንን ዕድል እንኳ አልተውንላቸውም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና ፈልቶ ነበር፤ ቁጭ በል አሉኝ። «ጋሼ፣ ያን ቀን እጄን ያወጣሁት እኔም ነኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ስኒውን አቀበሉኝና «እጅህን ያወጣኸው ለግድግዳ ነው፤ ልጆቹ ግን አይተውታል» አሉ። አዲሱ ሕንፃ ላይ ይሥሉልን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ዓይኔ ደክሟል። ግን ልጆቹ ራሳቸው ይያዙ ብሩሹን፤ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አሳያቸዋለሁ» አሉኝ።

ያችን ጥያቄ የጠየቀችው ልጅ ዛሬ ስምንት ዓመቷ ነው። ሌዋዊውን የምትሥለው እሷ እንድትሆን እፈልጋለሁ፤ ምን እንደሚለብስም ራሷ ትወስን።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር ይሰበሰባል። ሐሳቡን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ሰባት እንሆናለን፤ በዚህ ጊዜ ቢያንስ አንድ እጅ ለሥዕሉ ይወጣል። ብቻውን እንዳይሆን ጸልዩልን። ጸልያችሁ ስትጨርሱ ደግሞ በየጸሎት ቤታችሁ ያለውን ግድግዳ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ምን እንደነበረበት የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እሱን ጠይቁት።